ያልለካሁት ግፊት

ለወንድሜ ለጥዑመ ልሳን፤

እንደምን ከርመሃል? እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ? የከፋን አገር ዝናብና ጭቃ ለመድኸው ወይስ ዛሬም ጉንፋኑ አልለቀቀህም? ለሰው አጎበር ስታድል ውለህ ለራስህ ሳትዘረጋ የምትተኛ ሰው ነህና ስለ ወባም ሳልጠይቅህ አላልፍም። ቤታቸውን ቤትህ ያደረጉልህ አጎታችን ጋሽ አስናቀ ወገባቸው ተሻላቸው? ባለቤታቸው እትዬ ሔራንስ ደኅና ናቸው? ትንሿ ሊድያ ትምህርት ቤት ገባች? እኛ ሁላችን በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመናል። አባባን የዘንድሮው ክረምት ጉልበታቸውን ቢይዛቸውም ከማሕሌት አልቀሩም፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው ይቆማሉ፣ ቆመውም የተሳሳተውን ደብተራ ያርማሉ። እምዬ ደግሞ «ልጄ እዚያ ምን ይበላ ይሆን» እያለች ትናንት በርበሬ ስትቀነጥስ ዋለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚደርስህ ቋጠሮ የእሷ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ሦስት ጊዜ ልነግርህ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ወሬ ቀይሬያለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ዝናቡ ጠየቅሁህ፣ አንድ ጊዜ አውታሩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት፣ ሦስተኛውን እንኳ ምን እንዳልሁህ ረስቼዋለሁ። ወረቀት ግን ፊት የለውም፤ ሳፍር አያየኝም። ባምላክ የሚባል የላቦራቶሪ ባልደረባችን ወደ ቦንጋ ተዛውሮ ስለሚሄድ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

በመስከረም መጨረሻ ደውለህ፣ «እትዬ፣ እኔና ሦስቱ ጓደኞቼ ገና ጀማሪዎች ነን። አንቺ ሰባት ዓመት ሠርተሻል፣ ተማሪም ታለማምጃለሽ። ለአዲስ ነርስ የሚሆን ምክር ጻፊልንና አንድ ላይ እናንብበው» አልኸኝ። እሺ አልሁህ፤ ደስም አለኝ። ከዚያ ወሬ ወሬን ሲያነሳው፣ «አሁንማ ለምደነዋል። አርባ በሽተኛ ለሁለት ሰው! የደም ግፊቱን ወረቀት ሻይ እየጠጣን ነው የምንሞላው። ትናንት መቶ አሥር በሰባ የነበረ ዛሬም መቶ አሥር በሰባ ነው» ብለህ ሳቅህ።

እኔም ሳቅሁ። ታላቅህ ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ ያንን ሰምቼ አብሬህ ሳቅሁ። ይኸን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ሳቅ ነው። ስለዚህ የጠየቅኸኝን ምክር ከመስጠቴ በፊት ማንን እንደምትጠይቅ እወቅ። አባባ አምና ምስጉን ነርስ ተብዬ የምስክር ወረቀት ሲሰጠኝ ደጀ ሰላም ላይ ለካህናቱ ሁሉ፣ «የኔ ልጅ እጇ ሰው ጎድቶ አያውቅም» ብለው ነበር። አንተም ከአጠገባቸው ቆመህ ነበር። እኔ አንገቴን ስደፋ ትሕትና መስሏቸው መረቁኝ።

ነገሩ የሆነው በጥር 2011 ነው፤ ተመርቄ ሥራ በጀመርሁ በአራተኛው ወር። የወላዶች ክፍል ተመድቤ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሸጊቱ ይባሉ ነበር፤ ሃያ ዓመት የሠሩ፣ ነጭ ጋዋናቸው የማይጨማደድ፣ ሲቆጡም ድምፃቸውን የማያነሱ ሴት። ከይፋግ የመጣች የሺአረግ የምትባል ወላድ በአራተኛው አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ሩዝ አራሾች ናቸው። የመጀመሪያ ልጇን ከአንድ ቀን በፊት በቀዶ ጥገና ተገላግላለች። ስትገባ ግፊቷ ከፍ ብሎ ስለነበር ከወለደች በኋላም በየአራት ሰዓቱ እንዲለካ ሐኪሙ አዝዟል። ትእዛዙ በካርዷ ላይ በቀይ ተጽፏል፤ አላየሁም ልልህ አልችልም፣ አይቼዋለሁ።

በክፍሉ ሁለት የግፊት መለኪያ ነበረን። አንደኛው አየር ስለሚያፈስ እንዳንጠቀምበት ተነግሮናል። ደኅነኛውን ያን ጠዋት ማዋለጃ ክፍል በጥድፊያ ወሰዱት። ማዋለጃው ከእኛ ክፍል አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ሄጄ ማምጣት፣ ወይም ቢያንስ «መለኪያው ሄዷል፣ አልለካሁም» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ግን በዋዜማው ሐኪሙ ለጉብኝት ሲመጣ የእኔ ወረቀቶች ሳይሞሉ ተገኝተው በተማሪዎች ፊት «ቀርፋፋ» ተብዬ ነበር። ያ ቃል እንደ እሾህ ተሰክቶብኛል። ዛሬስ አላፍርም አልሁ። ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ የሌሊቱ ተረኛ የጻፈችውን አየሁና ከዚያው አጠገብ ለአሥራ አንድ ሴቶች ግፊት ጻፍሁ። አንዷን አምስት ከፍ፣ አንዷን አምስት ዝቅ አደረግሁ፤ እውነት እንዲመስል። ለየሺአረግ መቶ ሃያ በሰማንያ ሰጠኋት። ሐኪሙ ሲመጣ ወረቀቱን ገልጦ «ጎበዝ፣ ዛሬ አሻሽለሻል» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ጥዑሜ። ደስ ማለቴን ሳስታውስ ከሁሉ ይበልጥ እሱ ያመኛል።

ቢያዝን የሚባለው ባሏ አስታማሚ ሆኖ ከአልጋዋ ሥር ነበር። ሦስት ጊዜ መጣብኝ። መጀመሪያ፣ «እኅቴ፣ ራሷን አሟታል፤ ፈለጠኝ ትላለች» አለኝ። ቀዶ ጥገና የተደረገ ሰው ያመዋል፣ ትተኛ አልሁት። ቆይቶ መጣና፣ «ዓይኔ ብዥ አለብኝ፣ ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል ትላለች» አለኝ። እንቅልፍ ስላጣች ነው አልሁት። ሦስተኛ ሲመጣ ተቆጣሁ። «አንተ ወንድ ነህ፣ የወላድ ነገር ምን ታውቃለህ? ሥራዬን ልሥራበት!» ብዬ መለስሁት። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። የግፊት ምልክት ምን እንደሆነ ፈተና ላይ ተጠይቄ መልሼ አልፌያለሁ። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ቀጥሎም ማንቀጥቀጥ። በወረቀት ላይ ዐወቅሁት፤ ከሰው አፍ ሲመጣ አልሰማሁትም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጩኸቱን ሰማሁ። የሺአረግ ዓይኗ ወደ ላይ ሄዶ፣ ጥርሷ ተነክሶ እየተንቀጠቀጠች ነበር። ሲስተር ሸጊቱ ሮጠው መጡ፣ በጎኗ አስተኟት፣ ወደ ማዋለጃው ሰው ልከው መለኪያውን አስመጡ። መቶ ዘጠና በመቶ ሃያ ነበር። የማንቀጥቀጡን ማቆሚያ መርፌ ወጓት፣ ሐኪሙ መጣ፣ ኦክስጅን መጣ። እኔ ጨርቅ ይዤ ቆሜ ነበር። ምን ልጠርግበት እንደያዝሁት አላውቅም።

ሞት አልሆነም። የሺአረግ በማግሥቱ ነቃች። ግን ደም ጭንቅላቷ ውስጥ ፈስሶ ኖሮ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ። እግሯ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰላት፤ ቀኝ እጇ ግን እንደ ወደቀ ቀረ። ሕፃኗ ደኅና ነበረች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ካርዱን ይዞ በሁላችን ፊት፣ «አራት ሰዓት ላይ መቶ ሃያ በሰማንያ ይላል። ማን ነው የለካው?» አለ። እኔ ነኝ አልሁ። «በእርግጥ ለክተሻል?» አለኝ። አዎ አልሁ። «በየትኛው መለኪያ?» ሲለኝ ደኅነኛው ማዋለጃ እንደነበር ሁሉም ስለሚያውቅ አፌ እንዳመጣልኝ፣ «በዚያኛው፣ እዚህ ባለው» አልሁ። የተበላሸው ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም እኔን አልጠየቀም። የተበላሸ መሣሪያ ከክፍሉ ሳይወጣ፣ ጀማሪ ነርስ ሳታውቅ ተጠቀመችበት ተባለ፤ ጥፋቱ የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ሲስተር ሸጊቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፣ ከኃላፊነታቸው ተነሡና ካርድ ክፍል ገቡ። ሃያ ዓመት በሽተኛ ያነሡ ያስተኙ ሴት ካርድ ሲፈልጉ ዋሉ። የግል ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው ከክፍሉ ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። ቆም አሉና፣ «ፀሐይወርቅ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለሽ?» አሉኝ። የለኝም አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት መንገድ እየቀየርሁ ኖርሁ መሰለህ። ገበያ ውስጥ ካየኋቸው በሌላ መስመር እታጠፋለሁ። ጡረታ ወጡ ሲባል ለሽኝታቸው ስም ከተመዘገበው ሰው መካከል እኔ የለሁበትም። እኔ ከዚያ በኋላ ያልለካሁትን ጽፌ አላውቅም፤ እሱ እውነት ነው። ጥንቁቅ ተባልሁ፣ ተማሪዎች ይሰጡኝ ጀመር። «ያላያችሁትን አትጻፉ» እያልሁ ዓመት በዓመት አስተማርሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ያንተ ስልክ ከመጣ በኋላ ግን ዝም ማለቱ እንቢ አለኝ። ወንድሜ አራተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ይታየኝ ጀመር። በጥቅምት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ ሽምብጥ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ሲስተር ሸጊቱ ቤት ሄድሁ። ስኳር ይዟቸው ከስተዋል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ይታጠቡ ነበር። ሲያዩኝ አልደነገጡም። ቁጭ በይ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እያለቀስሁ ነው የነገርኋቸው። እስክጨርስ እግራቸውን እያደረቁ ሰሙኝ።

«ዐውቅ ነበር» አሉ። «የተበላሸውን መለኪያ ሰው እንዳይሳሳትበት ብዬ በዋዜማው ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌበት ነበር። ቁልፉ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር። በእሱ ለካሁ ስትይ በምንም እንዳልለካሽ ዐወቅሁ።»

ታዲያ ለምን አልተናገሩም ብዬ ጠየቅኋቸው። «አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እኔም በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ስንቱን ሳልለካ ሞልቻለሁ። የእኔዎቹ ስላልተንቀጠቀጡ ብቻ ነው ንጹሕ የመሰልሁት። ደግሞ፣ ይችን ልጅ እኔ ከማዋርዳት ራሷ ትምጣ፣ ራሷ ከመጣች ነርስ ትሆናለች አልሁ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁሽ። አንድ ወር ጠበቅሁሽ። ከዚያ ተናደድሁ። በመጨረሻ ደከመኝና ተውሁት» አሉኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስጎነበስ በእጃቸው ከለከሉኝ። «ለኔ መጣሽ፣ ይበቃኛል። ማስጠንቀቂያ እጅ አይቆርጥም። ያቺ ልጅስ? ለእሷ ማን ነገራት?»

በዚያው ምሽት የይፋግን መንገድ መጠያየቅ ጀመርሁ።

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቄ፣ ኅዳር ሚካኤል በዋለ ማግሥት ቅዳሜ፣ ወደ ይፋግ በሚኒባስ ሄድሁ። ሩዙ እየታጨደ ነው፤ ከወረታ ጀምሮ ሜዳው ሁሉ ሰው ነበር። የቢያዝንን ስም ስጠይቅ ወዲያው አሳዩኝ። የሺአረግ ከደጃፏ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች፤ ሰፌዱን በጉልበቷ ደግፋ በግራ እጇ። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ከአጠገቧ ጸሎት የሚሏት ልጇ ደብተር ዘርግታ ነበር፤ ያቺ ሕፃን ናት፣ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው።

እንዴት እንዳወቀችኝ ልንገርህ? ከሩቅ አይታ ተነሣችና፣ «ውይ! ልጄን ስትታቀፊልኝ የዋልሽው ሲስተር!» አለችኝ። እውነት ነው፤ እሷ ራሷን ስታ ሳለች ሕፃኗን ይዤ ነበር። በግራ እጇ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ቢያዝንም ከማሳው ተጠርቶ መጣ፣ ባርኔጣውን አወለቀልኝ። ወተት ቀረበልኝ። ወተቱን ከጠጣሁ በኋላ አልናገረውም ብዬ ስለፈራሁ ሳልነካው ተናገርሁ።

ስጨርስ ቢያዝን ነው ቀድሞ የተናገረው። «ሦስት ጊዜ ነግሬሽ ነበር። ሦስት ጊዜ። ወንድ ምን ያውቃል አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ፣ አጥብቄ ባለመጮኼ ነው እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን ስበላ ኖርሁ!» አለ። ተነሥቶ ወጣ፤ ከግቢው ጥግ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ልሂድና ይቅርታ ልጠይቀው ስል የሺአረግ፣ «ተይው» አለችኝ።

ከዚያ የጠየቀችኝን መቼም አልረሳውም። «የበሽታው ስም ማን ነው?» አለችኝ። ግፊት እንደሚባል፣ በእርግዝና የሚመጣ፣ ከወለዱ በኋላም የሚቆይ፣ ቀድሞ ከታየ መድኃኒት እንዳለው ነገርኋት። «ብትለኪኝ ኖሮ እጄ ይተርፍ ነበር?» አለች። በእርግጠኝነት አላውቅም፣ ግን የሚተርፍ ይመስለኛል አልኋት። ራሷን ነቀነቀችና እንዲህ አለችኝ፤ «እኔ እኮ ነፍሰ ጡር ሳለሁ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ሩዝ አጭጃለሁ። ዝናብ ያበላሸዋል ብለን ነው። አማቴ፣ በዓሉን የሻርሽበት እጅ ነው የተቀሠፈው አለችኝ። አገሩም ይኸንኑ አለኝ። ሰባት ዓመት በሚካኤል ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ትናንትም ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ነበርሁ።»

ጥዑሜ፣ እኔ የተውሁት እፍረት ባዶ ሜዳ ላይ የቀረ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚሸከመው ሰው አግኝቷል። ሲስተር ሸጊቱ ተሸከሙት፣ ቢያዝን ተሸከመው፣ ከሁሉ የከበደውን ምንም ያላጠፋችው ሴት በሞተ እጇ ተሸከመችው።

የሺአረግ ልጇን ልካ አማቷን ከጎረቤት አስጠራች። አሮጊቷ ሲመጡ፣ «አሁን የነገርሽኝን እንደገና ንገሪ፤ እሳቸው ይስሙ» አለችኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰብኝ። አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኋቸው። አሮጊቷ አማተቡ። ምራታቸውን አዩ፣ እጇን አዩ። «ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ ምን ስላት ኖርሁ?» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። የሺአረግ ግን አላለቀሰችም። ስነሣ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። «ይቅር ያልሁሽ እንዳይመስልሽ» አለች። «ገና አላሰብሁበትም። ስልክሽን ለልጄ ጻፊላት፤ ሳስብበት እደውላለሁ።» በጸሎት ደብተር ላይ ጻፍሁላት። እስከ ዛሬ አልደወለችም። ብትደውልም ባትደውልም መብቷ ነው።

ሰኞ ዕለት የሆነውን ሁሉ በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለነርሶች ኃላፊያችን ሰጠሁ። የሲስተር ሸጊቱ ማስጠንቀቂያ ያለ ጥፋታቸው የተጻፈ ስለሆነ ይነሣላቸው ብዬም ለመንሁ። ኃላፊዋ አንብባ፣ «ሰባት ዓመት ያለፈውን ምን ይጠቅምሻል?» አለችኝ፤ ክፋት ኖሯት ሳይሆን አዝናልኝ ነው። ለጊዜው ተማሪ እንዳላለማምድ ተነገረኝ። በመጪው ሐሙስ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። የሙያ ፈቃዴን ለጊዜው ሊያግዱት ይችላሉ፣ ከዚያም ሊብስ ይችላል። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ብዬ ነው የቸኮልሁት።

እንግዲህ ምክር ብለኸኛል። ከእኔ አፍ የሚወጣ ምክር ዋጋ ካለው ይኸውልህ፤ ለሦስቱ ጓደኞችህም ደብዳቤውን ሳትቆርጥ አንብብላቸው፣ ስሜ ያለበትንም ጭምር። ያልለካኸውን አትጻፍ። ጊዜ አጥተህ ከሆነ፣ መሣሪያ አጥተህ ከሆነ፣ ደክሞህ ከሆነ ባዶ ተወው፤ ለምን ባዶ እንደሆነም ከጎኑ ጻፍ። ባዶ ቦታ ቢያሳፍርህ ነው፤ የሐሰት ቁጥር ግን ሐኪሙንም፣ ቀጣዩን ተረኛም፣ በሽተኛውንም ያታልላል። አርባ ሰው ለሁለት መሆኑ ያንተ ጥፋት አይደለም። እሱን ሸፍነህ ሁሉ የተለካ ስታስመስለው ግን ሦስተኛ ነርስ ይጨመርልን የሚል አይኖርም፤ ወረቀቱ በቂ ናችሁ ይላልና። ሁሉን መድረስ ካልቻልህ በቀይ የተጻፈበትን ቀድመህ ድረስለት።

አስታማሚ ሲጠራህ ሂድ። ሚስት ባሏን፣ እናት ልጇን ከአንተ ይልቅ ታውቃለች፤ «ዛሬ እንደ ወትሮው አይደለም» ካሉህ ከመጽሐፍ ቃል እኩል ቁጠረው። የማታውቀውን አላውቅም በል። ይኸን ለማለት አሁን ነው ጊዜህ፤ ጀማሪ ሳይጠይቅ ቢቀር ነው የሚያዝኑበት፣ ዐሥር ዓመት ከሠራህ በኋላ ግን አፍህ ይከብድብሃል። ከተረኛ ስትረከብ ከወንበር ላይ አትረከብ፣ ከአልጋው አጠገብ ቆመህ የበሽተኛውን ፊት እያየህ ተረከብ። ቁርስ ሳትበላ ሥራ አትግባ፤ ይኸን እምዬ ካልጻፍሽ ብላኝ ነው፣ ግን እውነቷን ነው፣ የራበው ሰው ይቆጣል።

አንድ ቀን ደግሞ ትሳሳታለህ። የማይሳሳት ነርስ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን አፍህ «እኔ አይደለሁም» ሊል ሲከፈት ጥርስህን ግጠምና ወደ ኃላፊህ ሂድ። በዚያው ሰዓት ሂድ። አንድ ሰዓት ሲዘገይ ሁለት ሰው ይጎዳል፣ ሰባት ዓመት ሲዘገይ የሚሆነውን እኔን አይተህ እወቅ። እስካሁን ሳትለካ የሞላኸው ካለ ደግሞ ይኸን ደብዳቤ አጥፈህ አስቀምጥና ተነሥተህ ለካ።

ለአባባ ነግሬያቸዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ እምዬም ባለችበት ነገርኋቸው። እምዬ አለቀሰች። አባባ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ማታው ጸሎት ሄዱ፤ ሲመለሱ «ስሟ ማን ነው?» አሉኝ። የሺአረግ አልኋቸው። «እሱን አይደለም፣ የክርስትና ስሟን ነው የምጠይቅሽ። በጸሎት የማነሣት በምን ስም ነው?» አሉ። አላውቅም አልሁ። የዚያች ሴት ፊት ከዓይኔ ተለይቶኝ አያውቅም፣ ስሟን ግን ሙሉውን አልጠየቅኋትም። «ጠይቀሽ ነይ» ብለውኝ ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ስለ እኔ ለማንም ሲያወሩ አልሰማሁም፤ በማለዳ ግን እንደ ድሮው በሩን አንኳኩተው ይቀሰቅሱኛል።

ጋሽ አስናቀን እጅ ነሥታዎታለች በልልኝ፤ ወገባቸውን ከባድ ዕቃ እንዳያሸክሙት አደራ። ለእትዬ ሔራን ስለ ሁሉ ውለታቸው ፈጣሪ ይስጥልኝ በልልኝ፣ በርበሬውም ለእሳቸው ጭምር ነው። ሊድያን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ ፊደል ቆጥራ ስትጨርስ በራሷ እጅ ትጻፍልኝ። ለሦስቱ ጓደኞችህ፣ ስማቸውን ገና ባላውቅም፣ ከታላቅ እኅት የሚላክ ሰላምታ አድርስልኝ። አባባና እምዬ ጤናህን እየጠየቁ ይመርቁሃል። ነገ ጠዋት መጀመሪያ ግፊቷን ለምትለካላት በሽተኛም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ማን እንደላከው አትንገራት፤ እጇን ቀስ ብለህ ያዝና እንደምን አደርሽ በላት፣ ይበቃኛል።

እኅትህ ፀሐይወርቅ ሀብተ ሥላሴ
ባሕር ዳር፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.